ኦርጋናችን ከጨረታው ይውጣ

ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ኃላፊ፣ ማመልከቻችን በተደጋጋሚ ቢሮዎ ገብቷል። መልሱ ሁሌም «እናየዋለን» ነው። አሁን የጨረታ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «አሮጌ የእንጨት ዕቃ» ተብሎ የተዘረዘረው የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ነው።

ምን እንደሆነ ልንገርዎ። አውሮፓ ያሉት ትልልቅ ኦርጋኖች ጣሪያ የሚደርስ ቱቦ አላቸው፤ አንዴ ከተተከሉ አይንቀሳቀሱም። በ1842 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ደባን ፓሪስ ላይ ያስመዘገበው ሃርሞኒየም ግን ቱቦ የለውም። በእግር ሲረገጥ ወናፉ ይሠራል፣ አየሩ ቀጫጭን የናስ ምላሶችን ያንቀጠቅጣል። በሳጥን ታሽጎ ስለሚጫን ሚሲዮናውያን አፍሪካና እስያ ድረስ ይዘውት ሄደዋል። የእኛም ጅማ የደረሰው እንደዚያው ነው። ወላጆቻችን መዝሙር ያጠኑት በእሱ ነው።

በደርግ ጊዜ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ የእኛም ተዘጋ፣ ንብረቱም ተወረሰ። መንግሥት ሲቀየር ቤቱ ተመለሰልን። ኦርጋኑ ግን እስከ ዛሬ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት ድሮ ይጫወቱልን የነበሩትን አባት ይዘን ሄድን። የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሮበታል። ጣሪያው ያፈሳል፤ የጅማን ዝናብ ደግሞ ያውቁታል። እንጨቱ አብጦ ቁልፎቹ ተጣብቀዋል፣ የወናፉን ቆዳ አይጥ በልቶታል። አባታችን ተንበርክከው ውስጡን በባትሪ አዩ። «ምላሶቹ ደህና ናቸው፤ ቆዳው ቢቀየር ይሠራል» አሉ። ደስ ብሏቸው አንዱን ቁልፍ ሊነኩ ሲሉ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ አይነካም!» ብሎ ጮኸባቸው። እንደዚያ ያሉ ሽማግሌ፣ በእኛ ፊት! ሲሚንቶ ሲከመርበት ማንም አልጮኸም። ይህን እስከ ዛሬ መርሳት አቅቶኛል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ታሪካዊ ዋጋ ያለው የሰው ጥበብ ውጤት ቅርስ ነው፤ በእጁ ያለ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጅማ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች በሙዚየም አስቀምጣ ለእንግዳ የምታሳይ ከተማ ናት። እዚሁ ከተማ ይህ ኦርጋን ለጨረታ ሲወጣ ዝም ልንል ነው? ከተሸጠ እንጨቱን አናጢ፣ ናሱን ቁራሌው ይወስደዋል።

ዕቃው ሲወሰድ የተፈረመበት ወረቀት ኮፒው ከማመልከቻችን ጋር ተያይዟል። ማጓጓዣውንም ማሳደሻውንም እኛ እንችላለን። ከዝርዝሩ ይሰርዙልን፤ መልሱንም ጨረታው ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ይስጡን።

ከምዕመናኑ አንዷ
ጅማ