የድረ ገጻችሁ ባለቤት እናንተ ናችሁ፦ ወደ ጊትሃብ ስለመዛወር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከእንግዲህ ቀለል ያሉ ድረ ገጾችን ጊትሃብ የተባለው የፋይል ማስቀመጫ ድረ ገጽ በሚሰጠው የጊትሃብ ፔጅስ አገልግሎት ላይ ልናወጣ ወስነናል። ነባሮቹንም ከተስማማችሁ እናዛውራለን። ምክንያታችንን ማወቅ ይገባችኋል።

የብዙዎቻችሁ ድረ ገጽ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ እና የት እንደምትገኙ ይናገራል። አልፎ አልፎ ዜና ይወጣበታል። ለዚህ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) አያስፈልግም። ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ግን በተለምዶ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ገጹን ከዳታቤዝ እየቀዳ ይሠራል። አንድ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ሳይታደስ ከቆየ ደግሞ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል። ጊትሃብ ፔጅስ የሚያወጣው ስታቲክ ድረ ገጽ፣ ማለትም ገጾቹ አስቀድመው የተዘጋጁለት፣ ተጋግሮ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ዳቦ ነው፤ የመጣ ሰው አንስቶ ይሄዳል።

ጊትሃብ ይህን አገልግሎት የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ፋይሎቹ ለሁሉም ክፍት እስከሆኑ ድረስ ክፍያ የለውም። በየዓመቱ ለሆስቲንግ (ለድረ ገጹ ማስቀመጫ ኪራይ) ዶላር መፈለግ ይቀራል ማለት ነው። የዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ) ክፍያችሁ ግን እንዳለ ነው። ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬትም በነጻ ይሰጣል፣ በራሱም ይታደሳል።

ለእኛ ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የድረ ገጽ አካውንት በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ይከፈታል። ሠራተኛው ሥራ ይለቃል። ከዚያ በኋላ የስልክ ቁጥር እንኳ መቀየር ፈተና ይሆናል። ስለዚህ አካውንቱ በአንድ ሰውም ሆነ በእኛ ስም እንዲሆን አንፈልግም። ጊትሃብ ላይ ኦርጋናይዜሽን የሚባል ነጻ የጋራ አካውንት አለ። በድርጅታችሁ ኢሜይል እንከፍተዋለን፤ ከእናንተ ሁለት ሰዎች ባለቤት ይሆናሉ። እኛ ተጋብዘን እንሠራለን። በፈለጋችሁ ቀን ልታስወጡን ትችላላችሁ። ፋይሎቹ ተራ የድረ ገጽ ፋይሎች (ኤችቲኤምኤል) ስለሆኑ ወደ ሌላ ቦታ ይዛችሁ መሄድም ቀላል ነው። ማን መቼ ምን እንደቀየረም ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የተበላሸውን ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል።

ይኸው መዝገብ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ዛሬ የሰረዛችሁት ነገር በድሮው ቅጂ ውስጥ ይቀራል፣ ማንም ያየዋል። የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የመታወቂያ ኮፒ ወይም ፓስወርድ እባካችሁ ከሚወጣው ጽሑፍ ጋር ቀላቅላችሁ አትላኩልን።

ሁሉም ድረ ገጽ አይዛወርም። የጊትሃብ ደንብ በዋናነት ለግብይት የተሠራ ድረ ገጽን አይፈቅድም። ኦንላይን የምትሸጡ ደንበኞቻችን ባላችሁበት ትቆያላችሁ። ጊትሃብ ፔጅስ ላይ ፒኤችፒ (በሰርቨር ላይ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) ስለማይሠራ የመልእክት መላኪያ ፎርሙም ይቀራል። በምትኩ የስልክ፣ የኢሜይል እና የቴሌግራም ሊንክ እናስገባለን። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ሰው ከፎርም ይልቅ ቴሌግራም ይቀናዋል።

ድረ ገጹ ከ1 ጊጋባይት መብለጥ የለበትም። በወር የሚተላለፈው ዳታም እስከ 100 ጊጋባይት ቢሆን ይመከራል። አንድ ገጽ 1 ሜጋባይት ቢሆን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል ማለት ነው፤ ለአብዛኞቻችሁ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶዎቹን ግን እናሳንሳለን። ጎብኚዎቻችሁ የሚከፍቱት በሞባይል ዳታ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሜጋባይት ከኪሳቸው ይከፍላሉ። የአማርኛውን ፎንት ድረ ገጹ ውስጥ ስለምናስገባው ፊደሉ አሮጌ ስልክ ላይም በአራት ማዕዘን ሳጥን ተተክቶ አይታይም።

ዝውውሩን ለመጀመር የድርጅታችሁን ኢሜይል እና የሁለቱን ባለቤቶች ስም ላኩልን። ሁለቱም ስልካቸው ላይ ኮድ የሚያመነጭ አፕ ይጫኑ፤ ጊትሃብ ፋይል የሚያስገቡ ሰዎችን ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ስልክ ቢጠፋ የሚያስገቡትን የመጠባበቂያ ኮድ በወረቀት አትማችሁ ቢሮ ውስጥ ቆልፉበት። የዶሜይኑ ለውጥ በሁሉም ቦታ እስኪታይ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ አሮጌውን ሆስቲንግ አንዘጋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ ገጽ ሥራ ክፍል