የቤተሰብ ታሪክ አጥኚዎች ውለታ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የቤተሰብ ታሪክ ጥናት በጋዜጦች ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የዲኤንኤ ምርመራና በኮምፒውተር የሚፈለግ መዝገብ ነው። ሁለቱም ሥራውን እጅግ ማቅለላቸው እውነት ነው፤ ሆኖም በዚህ ጥናት ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ጠፍቶ የነበረ የቅድመ አያት ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማያውቁት ሰው ደግነት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸው ምስጋና እንደተነፈጋቸው ስለማምን ነው።

ይህ ደግነት ከሥራው ከራሱ የሚመነጭ ይመስለኛል። ቤተሰብ ይሰደዳል፣ ይጋባል፣ ይበታተናል፤ መዝገቡ ግን በተጻፈበት አገር ይቀራል። ስለዚህ የአንዱ አያት ስም የሰፈረበት ሰነድ ሌላው በሚኖርበት ከተማ ቤተ መዛግብት ውስጥ ይገኛል፤ የዚያኛው ቅም አያት መቃብር ደግሞ ከዚህኛው መኖሪያ ብዙም የማይርቅ ሊሆን ይችላል። ማንም ብቻውን የማይዘልቀው ጥናት በመሆኑ፣ የተረዳ ሰው ውለታውን የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ ለረዳው ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ጠያቂ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የተጀመረ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ኅብረት ይህንኑ ልማድ ደንብ አድርጎት ነበር። አባላቱ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በየአካባቢያቸው የሌላ ሰው መዝገብ ሊፈልጉ ወይም የመቃብር ድንጋይ ፎቶግራፍ ሊያነሱ ቃል ይገቡ ነበር፤ ከጠያቂውም የሚቀበሉት እንደ ቅጂ ያለውን ወጪያቸውን ብቻ ነበር። የእንግሊዝና የዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ማውጫ፣ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ያለው፣ ከ1998 አንሥቶ በበጎ ፈቃደኞች እየተገለበጠ ለሁሉም በነፃ ይቀርባል። የአሜሪካ የ1940 የሕዝብ ቆጠራም ለ72 ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2012 ይፋ ሲሆን፣ ከ160 ሺህ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች 132 ሚሊዮን ያህል ስሞችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጅ ጽሕፈት እያነበቡ ገልብጠዋል። ከእነዚህ ስሞች መካከል ለገልባጩ ዘመድ የሚሆኑት እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን በአሜሪካ በባርነት ተይዘው የነበሩ ሰዎችን ዘሮች የሚመለከተው ሥራ ነው። በ1850 እና በ1860 በተካሄዱት ቆጠራዎች፣ በባርነት የተያዙት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተመዘገቡት በስማቸው ሳይሆን በጌቶቻቸው ስም ሥር፣ ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና የቆዳቸው ቀለም ብቻ ተጠቅሶ ነው። ስለዚህም ዘሮቻቸው ወደ ኋላ ሲቆጥሩ፣ ነፃ የወጡት ሁሉ በስማቸው መመዝገብ የጀመሩበት የ1870 ቆጠራ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ይዘጋባቸዋል። ነፃ የወጡትን ለመርዳት በ1865 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ያከማቻቸውን ሰነዶች በ2015 እና በ2016 ከ25 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች አገላብጠው ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ስሞችን አውጥተዋል። ያም ሆኖ አንዳንዱ ስም የሚገኘው በቀድሞ ጌቶች ኑዛዜና የሒሳብ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ደብተሩም እስከ ዛሬ በግለሰብ እጅ ሊሆን ይችላል። አያቶቻቸው ሰው ይገዙና ይሸጡ እንደነበር የሚያጋልጠውን ይህን ወረቀት አውጥተው ለተበዳዮቹ ዘሮች የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ለሰጪው ያሳፍራል፣ ለተቀባዩም ያማል፤ ሆኖም ከዚህ ተነሥተው የዕድሜ ልክ ወዳጆች የሆኑ አሉ። በእኔ እምነት ጥናቱ ካፈራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ወዳጅነቱ ሁልጊዜ በማስደሰት ብቻ አይገለጽም። በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች ወላጆቻቸውን እንዲያገኙ ያለ ክፍያ የሚረዱ አጥኚዎች፣ የዲኤንኤው ውጤት ቢገኝም ስልክ ከመደወል በፊት እናቲቱ ምሥጢሩን ለቤተሰቧ ነግራ እንደሆነ እንዲታሰብ ይመክራሉ። አንድ ስም ብቻ ስለተመሳሰለ «አያቴን አገኘሁ» ለሚል ሰውም ማስረጃው እንደማይበቃ በትሕትና የሚነግረው፣ ሌላም መዝገብ አብሮት የሚፈልገው እውነተኛ ወዳጁ ነው።

ሌሎች ለዓመታት የደከሙበትን ጥናት ወስደው ምንጩን ሳይጠቅሱ በስማቸው የሚያሳትሙ መኖራቸው ያሳዝነኛል። ስለሆነም የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚያሳትሙ አንባቢዎች መዝገብ ያገላበጠላቸውንና መቃብር ፎቶግራፍ ያነሣላቸውን ሰው ፈቃዱን ጠይቀው በስም እንዲያመሰግኑ፣ ያገኙትንም እርማት መልሰው እንዲልኩለት እጠይቃለሁ። ጋዜጣዎም ስለ ቤተሰብ ታሪክ በሚጽፍበት ጊዜ ባለታሪኩን «ማን ረዳዎት?» ብሎ ቢጠይቅ ደስታዬ ታላቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተሰብ ታሪክ አጥኚ