ስለ ቅዳሜው የወንዝ ዳር ጉዞሽ

ውድ ልጄ፣

ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር ወደ ፓርኩ እንደምትሄዱ፣ ሰው ከሚበዛበት ትልቁ ፏፏቴ ይልቅ ወንዙን ተከትላችሁ ጸጥ ወዳለው ትንሹ ፏፏቴ እንደምትወጡ ስትነግሪኝ፣ «ቀላል መንገድ ነው አባዬ» ያልሽው ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ቀላልነቱን አላጣሁትም፤ ዳገት የለውም፣ ጥላ አለው፣ ወንዝ ይዞ የሚሄድም ሰው አቅጣጫ አይጠፋውም። ያሳሰበኝ ድንጋይ እየረገጣችሁ የምትሻገሩባቸው ሁለቱ ስፍራዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው በማይደርስበት መንገድ ላይ ድልድይ የሚሠራ የለምና። ውሃው ከደፈረሰ አትሻገሪ።

ስለ አጎትሽ ጉልበት መጎዳት የምታውቂው ታሪክ እውነት አይደለም። ከዛፍ ወደቀ ብለን ለአያትሽ የነገርናት እኛው ነን። እርሱ 14 እኔ 17 ዓመት ሳለን እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር ወጥተን፣ ስንሄድ ጫማችንን ሳናርስ የተሻገርንባቸው ድንጋዮች ስንመለስ በቡናማ ውሃ ተሸፍነው አገኘናቸው። በላያችን የነበረው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው እኛ በማናየው በወንዙ ራስ ላይ ነው። ውሃው ገና ባት አልደረሰም፤ እኔ ግን መሽቶብናል ብዬ ቸኮልሁና ጥልቀቱን ለማወቅ «አንተ ቅደም» አልሁት። በሦስተኛው እርምጃው እግሩ በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀረቀረ፤ ሲወድቅ አፉን ከፍቶ ሲጮህ አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም፣ ፏፏቴው ውጦት ነበር። ቀበቶዬን ይዞ እንዴት እንደ ወጣ ዛሬም በቅጡ አላስታውስም። ማን «ቅደም» እንዳለው ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም እስከዚህች ደብዳቤ ድረስ ዝም ብያለሁ።

የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል 4 እጥፍ እንደሚሆን የተማርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሃው ባትሽ ድረስ ብቻ ቢሆንም፣ ጓደኞችሽ ቢስቁብሽም፣ ከደፈረሰ አትሻገሪ። ውሃው ጭራሮና ቅጠል ጠራርጎ መውረድ ከጀመረ ደራሽ ጎርፍ እየመጣ ነውና ወዲያውኑ ከወንዙ ርቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ ያዙ። ወዲያ ማዶ ከቀራችሁም ቅሩ፤ ረኃብና ብርድ ይታለፋል። ማንም «ቅደሚ» ቢልሽ አትቅደሚ፣ አንቺም ማንንም ቅደም አትበዪ።

ሶሉ ያለቀውን ጫማ ተዪው፤ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ ላይ ያዳልጥሻል። ውሃው ጥርት ብሎም ስትሻገሪ የቦርሳሽን የወገብ ማሰሪያ ፍቺው። ፏፏቴው ከሚወርድበት ሥር አትዋኚ፤ አረፋ የሞላው ውሃ ሰውነትን አይሸከምም፣ ወራጁም ወደ ታች ይደፍቃል። ከዳር ሆነሽ ፊትሽን ያርጥብሽ፤ እርሱ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ እኔም ወድጄው ነበር።

በሸለቆው ውስጥ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል፣ ወጥታችሁ መኪናው ዘንድ ስትደርሱ ደውዪልኝ። አጎትሽ እሑድ ይመጣል። ስለ ጉልበቱ አንቺ አታንሺበት፤ መጀመሪያ እኔ ላናግረው።

አባትሽ