የስቴቪያ ምሬት መላ አለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ስኳር ምትክ ማጣፈጫዎች ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን በጣም ቅር አለኝ፤ ጣዕሙ በባክቴሪያ ኢንዛይም የተሻሻለውን ስቴቪያ (ከቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ) «ላብራቶሪ ውስጥ የተነካካ» ብላችሁ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። ይቺ መስመር ሰው ታስፈራለች። እናቴን አስፈርታታለች።

እናቴ ስኳር ከታየባት ዓመታት አልፈዋል። ቡና ደግሞ ያለ ስኳር አይወርድላትም። ሐኪሟ ስኳሩን ተይ ሲሏት ከሰፈራችን ሱቅ ስቴቪያ ገዛሁላትና አቦሉ ላይ ጨመርኩላት። አንዴ ፉት አለችና ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው። «መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ኋላ እንደ ኮሶ ጉሮሮ ላይ ይቀራል» አለችኝ። በማግስቱ ወደ ስኳሯ ተመለሰች። ስቴቪያን ሞክረው የተዉ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ቅጠሉ የፓራጓይ ነው፤ የጓራኒ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲያጣፍጥበት ኖሯል፣ እኛም አገር በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ተሞክሯል። ጣፋጭ የሚያደርጉት ንጥረ ነገሮች ሁሉም መሀላቸው ስቴቪዮል የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ላይ ግሉኮስ (አንድ የስኳር ዓይነት) ተቀጥሎበታል። ቅጠሉ ውስጥ በብዛት ያለው ስቴቪዮሳይድ 3 ግሉኮስ አለው፣ ሬብ ኤ የሚባለው 4፣ ሬብ ኤም የሚባለው ደግሞ 6። በጥቅሉ ግሉኮሱ በዛ ሲል ምሬቱ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ወደ ስኳር ይጠጋል። ችግሩ ሬብ ኤም በደረቁ ቅጠል ውስጥ ከ0.1 በመቶ በታች መሆኑ ነው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እሱን ብቻ ለቅሞ ለገበያ ማቅረብ የማይታሰብ ነው።

ኢንዛይሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኢንዛይም ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ገብሱ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው ኢንዛይም ነው፣ ጠላ ብቅል የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ለሬብ ኤም የሚሆነውን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን ከስቴቪያና ከሌሎች ተክሎች ይወሰድና ባክቴሪያ ወይም እርሾ ውስጥ ይገባል፣ እነሱ ኢንዛይሙን በብዛት ያመርታሉ፣ ኢንዛይሙ ሬብ ኤ ላይ ሁለት ግሉኮስ ይጨምርበታል። ከዚያ ኢንዛይሙ ተጣርቶ ይወጣል። የሚገኘው ሬብ ኤም ቅጠሉ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ በኔዘርላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እርጎ ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች ዘመድ ከሆነው ከላክቶባሲለስ ሬውተሪ ያገኙትን ኢንዛይም ተጠቅመው፣ ከተራ ስኳር ላይ ግሉኮሱን እየነጠሉ ሬብ ኤ ላይ ቀጠሉበትና በ2018 ውጤቱን አሳተሙ። ሲቀመስ ምሬቱ ቀንሶ ተገኘ።

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሬብ ኤም ያለበትን ይዛልን መጣች። ለእናቴ ምንም ሳልነግራት ቶናው ላይ ጨመርኩት። ሲኒውን ጨረሰችው! «ስኳር አይደለም፣ ግን ይሄኛው ይጠጣል» አለች፤ በረካውንም ደገመችበት። ሦስት ሳምንት ያለ ስኳር ጠጣች። ከዚያ ነው የእናንተን ጽሑፍ አንብባ ዕቃውን ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጠችው።

ገደብ የለውም እያልኩ አይደለም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 4 ሚሊግራም ነው፣ በስቴቪዮል ሲሰላ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 240 ሚሊግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ እነዚህን ማጣፈጫዎች አትጠቀሙ ብሎ መክሯል፣ ይህን እናንተም ጠቅሳችሁታል። ምክሩ ግን አስቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ይህን ተዋችሁት። ለእናቴ ትልቁ ነገር እሱ ነበር።

ማስጠንቀቅ ከፈለጋችሁ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ። መጀመሪያ የገዛሁትን ፓኬት ገልብጬ ሳየው በደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ዴክስትሮስ» ይላል። ዴክስትሮስ ግሉኮስ ነው። ስቴቪያ ከስኳር 200 እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚጣፍጥ በጣም ትንሽ ነው የሚያስፈልገው፣ ፓኬቱን የሚሞላው ሌላ ነገር ነው። ባለሱቁን ብጠይቀው «ስቴቪያ ነው፣ ምንም የለውም» አለኝ። ስኳር ያለበት ሰው በቀን አምስት ስድስት ፓኬት እየቀደደ ቡናው ላይ ሲጨምር የሚጨምረውን በቋንቋው አንብቦ ማወቅ አለበት። አስመጪዎቹ በአማርኛ እንዲጽፉት እናንተ ብትወተውቱ ይሰማሉ።

እናቴ ጋዜጣችሁን አንድም ሳምንት አያመልጣትም። ከእኔ ይልቅ የእናንተን ታምናለች። እባካችሁ ስለ ኢንዛይሙ በደንብ አብራርታችሁ እንደገና ጻፉላት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ