የግራሶው ግማሽ ሰዓት በማን ሒሳብ ይያዝ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከ6 ቶን በታች የሚመዝኑት ትንንሽ ኤክስካቫተሮች ገጠሩን እየለመዱት ነው። ኩሬ ይቆፍራሉ፣ ውሃ የሚተኛበትን ማሳ የሚያጠነፍፍ ቦይ ያወጣሉ፣ የባሕር ዛፍ ጉቶ ይነቅላሉ፣ የቧንቧ መስመር ይከፍታሉ። በጥቅማቸው ላይ ክርክር የለንም። ቅሬታችን በሚከራዩበት ውል ላይ ነው። ኪራዩ የሚቆጠረው ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ባለመሬቱ የሚከፍለው፣ ባለማሽኑም የሚቀበለው ለዚያ ነው፣ የኦፕሬተሩ አበልም ብዙ ጊዜ ከዚያው ይታሰባል። ግራሶ (ወፍራም የማለስለሻ ቅባት) የሚሞላበት፣ ካቴና (ማሽኑ የሚሄድበት ሰንሰለት መሰል ቀበቶ) የሚጠረግበት፣ ከናፍጣ ማጣሪያው ውሃ የሚወርድበት በቀን ግማሽ ሰዓት ግን በማንም ሒሳብ ውስጥ የለም። ባለቤት ስለሌለው ሳይሠራ ይቀራል።

ስለ ግራሶ ትንሽ እንዘርዝር፤ ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ባኬቱን (መቆፈሪያውን አካፋ) ከአርሙ (ከፊተኛው ክንድ)፣ አርሙን ከቡሙ (ከአካሉ ከሚነሳው ትልቅ ክንድ)፣ ቡሙን ከአካሉ የሚያያይዙት ፒኖች (የብረት ዘንጎች) በየቡሻቸው (ፒኑ በሚገባበት ቀለበት) ውስጥ የሚዞሩት በግራሶ ላይ ተንሳፍፈው ነው። የባኬቱ ፒኖች አፈር ውስጥ ስለሚገቡ በየቀኑ መሞላት አለባቸው፤ ጭቃና ውሃ ውስጥ ሲሠራ ደግሞ ከሥራ በፊትም ከሥራ በኋላም። የሚበቃውን ለማወቅ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደተገፋ መቁጠር አያስፈልግም፤ አሮጌው ጥቁር ግራሶ በዳር ወጥቶ አዲሱ ብቅ ሲል በቅቷል። ኒፕሉ (ግራሶ የሚገባባት ትንሽ አፍ) አልቀበል ሲል «ሞልቷል» ብሎ የማለፍ ልማድ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የደፈነው የደነደነ ግራሶ ወይም አፈር ነው። ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ጭነቱን ከፒኑ ላይ አቅልሎ እንደገና መሞከር፤ እንቢ ካለ ኒፕሉን ፈትቶ ማጽዳት ወይም መቀየር ነው። የደረቀ ፒን መጀመሪያ ቡሹን ይበላል፤ ቡሹ ሲያልቅ የአርሙን ቀዳዳ ራሱን ሞላላ ያደርገዋል። እዚያ ከደረሰ በኋላ አርሙን አውርዶ ከተማ መውሰድ፣ ቀዳዳውን በብየዳ መሙላት፣ ቶርኖ ቤት አስገብቶ በልኩ ማስቆረጥ ይመጣል። ይህ ሁሉ የአንድ ካርትሬጅ ግራሶ ዕዳ ነው።

ላይኛው አካል የሚዞርበት ትልቁ ኩሽኔታ በየ50 ሰዓቱ ግራሶ ይፈልጋል። ማሽኑ በአንድ አቅጣጫ ቆሞ ቢሞላ ግራሶው አንድ ጎን ብቻ ይቀራል። ትንሽ ሞልቶ፣ ሩብ ዙር አዙሮ፣ ደግሞ ትንሽ ሞልቶ፣ እንዲህ እያሉ ዙሩን መጨረስ ነው። በሚሞላበት ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፤ አንዱ ኒፕሉ ላይ እጁን አስገብቶ ሌላው እላይ ሆኖ የሚያዞርበት አሠራር ጣት ያስቆርጣል።

ሁለተኛው ገዳይ ናፍጣው ነው። ከማደያ ርቆ የሚሠራ ማሽን የሚጠጣው ከበርሜልና ከጀሪካን ነው፤ በርሜል ደግሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ስለዚህ በርሜሉ ቆሞ፣ ሳይነቃነቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፤ መቅጃው ቱቦ ታች ድረስ አይዝለቅ፣ ከሥሩ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይቅር፤ ናፍጣው በወንፊት ባለው ማንቆርቆሪያ ይግባ። የማሽኑ ታንክ ማታ ሥራ ሲያልቅ ይሞላ እንጂ ጎድሎ አይደር። ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከማጣሪያው ሥር ያለችውን መክፈቻ ላላ አድርጎ ውሃው እስኪያልቅና ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ማውረድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው የኖዝልና የሚገፋው የፖምፓ ጥገና ስንት እንደሚያስወጣ የጠየቀ ሰው ይህን ሁለት ደቂቃ አይሰስትም።

የአየር ፊልትሮ (ማጣሪያ) ላይ ደግሞ ችግሩ ከቸልተኝነት ይልቅ ከትጋት ይመጣል። በየቀኑ አውጥቶ ከብረት ጋር እያጋጩ ማራገፍ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ በተከፈተ ቁጥርም አቧራ ወደ ንጹሑ ክፍል ይገባል። በየቀኑ መሠራት ያለበት ከፊልትሮው ቤት ሥር ያለችውን የጎማ ከንፈር ጨምቆ አቧራውን ማፍሰስ ብቻ ነው። ውጫዊው ፊልትሮ በአየር ከተነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት ነው። ውስጠኛው አይነፋም፣ አይታጠብም፤ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ራዲያተሩም እንደዚሁ አቧራው በገባበት በተቃራኒው ይነፋል። በአውድማ ሰሞን የጤፍ ገለባ ክንፎቹን በአንድ ቀን ሊደፍናቸው ይችላል፤ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት እዚያ ነው። መኪና ማጠቢያ በሚረጭበት ከፍተኛ ግፊት ራዲያተር ማጠብ ግን ክንፎቹን አጥፎ ጨርሶ ይዘጋዋል።

ደጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያለው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ወደ 2,800 ሜትር ግድም፣ ከሩብ በላይ ኃይል ጎድሏል ማለት ነው። ማሽኑ «ደክሟል» ተብሎ የፖምፓው የናፍጣ ልክ በካቻቪቴ ሲከፈት ጥቁር ጭስ ይበዛል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይሞቃል፤ ኃይሉ ግን አይመለስም፤ የጎደለው ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው። መፍትሔው ጠባብ ባኬት ማድረግና በአንድ ጊዜ ጥቂት መቁረጥ ነው።

ካቴናው ከሁሉም ይበልጥ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ነው። በቾ ሜዳ፣ ጊንጪ፣ አደአ ያለውን መረሬ (ጥቁር ሸክላ) መሬት የሚያውቅ ያውቀዋል። ርጥብ ሲሆን ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ማታ ከሮለሩ (ካቴናው ላይ ከሚንከባለለው ጎማ መሰል ብረት) እና ከስፕሮኬቱ (ካቴናውን ከሚያዞረው ጥርሳም መዘውር) መካከል ሳይጠረግ ያደረ ጭቃ ጠዋት ድንጋይ ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ወይ የሮለሩን ማኅተም ይቀድዳል ወይ ካቴናውን ከመንገዱ ያወጣዋል። ጭቃ በተጠቀጠቀ ቁጥርም ካቴናው ይወጠራል፤ ስለዚህ በርጥብ መረሬ ላይ ከተለመደው ትንሽ ላላ ማለት አለበት። ልኩ የሚታየው ማሽኑን በቡምና በብሌድ (በአፈር መግፊያው ሳህን) ከመሬት አንስቶ፣ መሐል ባለው ሮለርና በካቴናው ውስጠኛ ገጽ መካከል ያለውን ክፍተት በመለካት ነው፤ በብዙ የጎማ ካቴናዎች ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው፣ የማሽኑ መመሪያ ሌላ ካለ የመመሪያው ይያዛል። ለመወጠር በግራሶ ፓምፕ ይሞላል። ለማላላት ቫልቩ ቀስ ተብሎ ይፈታል፤ ከአንድ ዙር በላይ አይፈታም፣ ፊትንም ከፊት ለፊቱ ማራቅ ያስፈልጋል፤ ከውስጥ ያለው ግራሶ ቫልቩን እንደ ጥይት ሊያስወነጭፈው የሚችል ግፊት አለው። የጎማ ካቴናን የሚቆርጠው ደግሞ በድንጋይና በተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ባለበት መዞር ነው። ወደፊትና ወደኋላ እያሉ በሰፊው መዞር ሜዳ ይፈጃል፣ ካቴና ግን ያተርፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ባለመሬቱ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ካላወቀ ግማሹን ሰዓት መፍቀድ ያስፈራዋል። ስለዚህ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ከላይ 10 በ10 ሜትር፣ ከሥር 4 በ4፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ እንውሰድ። ጎኑ ለአንድ ሜትር ቁልቁለት አንድ ተኩል ሜትር ያጋድማል፤ መረሬ ከዚህ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ በክረምት ይናዳል። ይዘቱ 104 ሜትር ኪዩብ ነው። ሸክላ ሲቆፈር በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ የሚወጣው አፈር ወደ 135 ይደርሳል። ባለ 3 ቶን ተኩል ማሽን በአንድ ባኬት አንድ አሥረኛ ሜትር ኪዩብ ያህል ያነሣል፤ አንዱ ዙር 20 ሰከንድ ቢፈጅ በወረቀት ላይ በሰዓት 18 ሜትር ኪዩብ ይወጣል። ቦታ መቀየርና አፈር መግፋት ሲጨመር 12 ብሎ መያዝ ይሻላል። ሥራው 11 ሰዓት ግድም ነው፤ ናፍጣው በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሊትር ቢታሰብ ከ35 እስከ 45 ሊትር። ከዚህ በእጥፍ የሚጠይቅ ሰው ምክንያቱን ያስረዳ፤ በግማሹ እጨርሳለሁ የሚልም እንዲሁ። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ ጠርዙ ላይ የተከመረ አፈር ኩሬውንም ማሽኑንም ይዞ ይገባል። ወቅቱን በተመለከተ መረሬ ለመቆፈር የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ማሽን መሸከም ሲጀምር፣ ግን ገና ሳይደነድን። ሚያዝያ ላይ ያው ኩሬ የባኬቱን ጥርስ ይጨርሳል።

ስለ አደጋ አጠር አድርገን ሁለት ነገር እንበል። ላይኛው አካል ወደኋላ ዞሮ ብሌዱ ከጀርባ ሲሆን የመንጃ ሊቨሮቹ ሥራ ይገለበጣል፤ ወደፊት የተገፋው ማሽኑን ወደኋላ ይወስዳል። በኩሬ ጠርዝ ላይ ይህን መርሳት ገደል ነው፤ ከመንቀሳቀስ በፊት ብሌዱ የት እንዳለ ማየት ይገባል። ሁለተኛው፣ የሃይድሮሊክ (ክንዶቹን በግፊት የሚያንቀሳቅሰው ዘይት) ፍሳሽ በእጅ አይዳሰስም። ከ200 ባር በላይ በሆነ ግፊት በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ላዩ ሲታይ ትንሽ ጭረት ይመስላል፣ ሰዓታት ካለፉ ግን እጅ ያሳጣል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ ነው፤ ዘይት ከቆዳ ሥር የገባበት ሰው ወዲያው ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሄዳል።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ። ማሽን የሚከራይ ባለመሬት ወይም ማኅበር ማሽኑ ከአይሱዙው ሲወርድ ሦስት ነገር ይይ። ባኬቱን ከመሬት ትንሽ አስነሥቶ በእጁ ወደ ጎን ይወዝውዘው፤ ጎልቶ የሚሰማ መላወስ ካለ ፒኑና ቡሹ አልቀዋል፣ ያ ማሽን ቦይ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። ከስፕሮኬቱ በስተጀርባ ዘይት ያረጠበው አቧራ ካለ የመጨረሻው ማርሽ (ስፕሮኬቱን የሚያዞረው) ማኅተም አልቋል። ሰዓት ቆጣሪው የሚያሳየውና በመዝገቡ ላይ የመጨረሻው ዘይት የተቀየረበት ሰዓት ሲተያዩ ልዩነቱ ከ250 በላይ ከሆነ የሞተር ዘይቱ ጊዜው አልፏል። መዝገብ የሌለው ማሽን እንደ ዘይት አልባ ይቆጠር። አዲስ ማሽን ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው 50 ሰዓት የሞተር ዘይቱና የመጨረሻው ማርሽ ዘይት መቀየር አለባቸው፤ አዲስ ጥርስ እርስ በርሱ ሲለማመድ የሚያራግፈው ብረት እዚያው ነው ያለው። ብዙ ገዢዎች «ገና አዲስ ነው» ብለው የሚያልፉት ይህንኑ ነው።

ውሉ ላይ የሚጨመሩት መስመሮች ጥቂት ናቸው። በየሥራ ቀኑ ጠዋት 15 ማታ 15 ደቂቃ ለጥገና ይያዝ፤ ባለመሬቱ በሙሉ ሳይሆን በግማሽ ታሪፍ ይክፈለው፣ ቀሪውን ባለማሽኑ ይቻል። ኦፕሬተሩ ለዚያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አበሉን ያግኝ፤ ካላገኘ ፓምፑን አያነሣም፣ አይፈረድበትምም። ግራሶና የናፍጣ ፊልትሮ ከማሽኑ ጋር ይምጡ፣ ቦታው ከደረሱ በኋላ አይፈለጉ። ናፍጣውን ባለመሬቱ የሚያቀርብ ከሆነ በርሜሉ ማደሩን ኦፕሬተሩ አይቶ ይፈርም። ሰዓት ቆጣሪው ሥራ ሲጀመርና ሲያልቅ በሁለቱም ፊት ተነብቦ ይጻፍ፤ በሚኒሞ (ያለ ሥራ በዝቅተኛ ዙር) ቆሞ የዋለ ሞተርም ሰዓት ይቆጥራልና፣ ለምሳ ሲወረድ ሞተሩ እንዲጠፋ በግልጽ ይስፈር። ማሽን የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደግሞ የዕለት ጥገናውን ሠንጠረዥ በአማርኛ አሳትመው ከመቀመጫው አጠገብ ቢለጥፉልን፣ ኒፕሎቹ የት የት እንዳሉ በሥዕል ቢያሳዩልን ወጪው ለእነርሱ የአንድ ወረቀት ነው።

ከሰላምታ ጋር

የገጠር ማሽነሪ ጥገና ባለሙያዎች፣ ከሰሜን ሸዋ