አማካሪ ድርጅት የሠራው መሣሪያ የማን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምሠራው ጅማ ውስጥ በሚገኝ አነስተኛ የአማካሪ ድርጅት ነው። ፈጠራ በተነሳ ቁጥር ዩኒቨርሲቲውና ስታርትአፑ ይጠቀሳሉ፤ አማካሪዎች ለአንድ ደንበኛ የሠሩት መሣሪያ ለሌላው ሳይደርስ ለምን እንደሚቀር ግን ሲነገር አልሰማሁም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብ፣ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ ወሰኑ በሙሉ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ይህን ምዝገባ እንድንሠራ አንድ አሠሪ ቀጠረን። የእኛ አካባቢ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር ስለሚበቅል ከሳተላይት ሲታይ ከደን ጋር ይመሳሰላል፤ በብዙ ቀበሌዎች ደግሞ ኔትወርክ አይገኝም። ቢጋሩ (አሠሪው የሥራውን ዝርዝር የሚያስቀምጥበት ሰነድ) የወረቀት ቅጽ ብቻ ቢጠይቅም፣ ያለ ኔትወርክ በስልክ የሚሠራና የማሳውን ነጥብ ከጥላ ዛፉ ፎቶ ጋር የሚይዝ መተግበሪያ አዘጋጀን። ክፍያችን በባለሙያ የሥራ ቀን የሚታሰብ በመሆኑ ለዚህ የዋሉት ሳምንታት ከድርጅቱ ኪስ ወጡ።

ውሉ በሥራው ሂደት የተዘጋጀው ሁሉ የአሠሪው ንብረት እንደሚሆን ይደነግግ ስለነበር፣ ሥራው ሲያልቅ መተግበሪያውን አስረከብን። በኋላ የሌላ ወረዳ ማኅበር ያንኑ ሲጠይቀን ልንሸጥለት አልቻልንም። ዛሬ ማንም የማያሻሽለው ፋይል ሆኖ ተቀምጧል፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል።

ውሉ ዝም ቢል ኖሮም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጥም። ጥበቃ የሚያገኝበት የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራን ኢኮኖሚያዊ መብት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ለአሠሪው ወይም ለአዛዡ ይሰጣል።

ለንጽጽር፣ በጅማ አቅራቢያ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል፣ የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ከታየ በኋላ የመረጣቸውን ዝርያዎች ገበሬው ዛሬም 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር ይጠራቸዋል። የዚያን ምርምር ወጪ የተሸከመው ግን መንግሥት ነው። እንደኛ ያለ ድርጅት ወጪውን የሚመልሰው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ደንበኛ ነው፤ እነሱን ከተከለከለ ሌላ መሣሪያ ለመሥራት አይደፍርም።

ስለዚህ የቡና ዩኒየኖች፣ የመንግሥት ቢሮዎችና ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ቢጋር ሲያዘጋጁ፣ የገበሬው መረጃ የማኅበሩና የአሠሪው ሆኖ፣ መረጃው የሚሰበሰብበት መሣሪያ ግን የሠሪው ድርጅት ንብረት እንዲሆን፣ አሠሪውም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለዘለቄታው የመጠቀም መብት እንዲኖረው የሚፈቅድ አንቀጽ እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ። እኛም ይህንኑ አንቀጽ ከሚቀጥለው የቴክኒክ ሰነዳችን ጋር አያይዘን እናቀርባለን፤ የማይስማማ አሠሪ ካለ ምክንያቱን በዚሁ ዓምድ ቢያስረዳን በጥሞና እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ አማካሪ ድርጅት ባለሙያ፣ ከጅማ