የንብረትና የንግድ ሕግ አብረው ቢጠኑ

ክቡር አዘጋጅ፣

የሕግ ተማሪዎች የንብረት ሕግንና የንግድ ሕግን ለየብቻ፣ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ባሕር ዳር ችሎት ላይ ግን ሁለቱ በአንድ መዝገብ፣ በአማርኛ ይመጣሉ። ስለዚህ ተማሪው ከከተማው ጉዳይ ቢነሣ እመክራለሁ።

ጣና ዳር ያለ የዓሣ ምግብ ቤት ተሸጠ እንበል። ውሉ «ምግብ ቤቱን ከነሙሉ ንብረቱ» ብሎ አንድ ዋጋ ይጠቅሳል። ክርክሩ የሚወለደው ከዚህ ሐረግ ነውና መጀመሪያ ሐረጉን መበተን ነው። መሬቱ አይሸጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) ይከለክላል። ሕንፃው ይሸጣል፤ ውሉ ግን በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁ. 1723)። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስሕተቱም እዚሁ ነው። የውሉ መጽናት ሌላ፣ የባለቤትነቱ መተላለፍ ሌላ ነው። በቁ. 1185 መሠረት ዝውውሩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ ገዢው ሻጩን ይጠይቅ እንደሆነ እንጂ ገና ባለቤት አልሆነም። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ምጣዱ ግን ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በርክክብ ይተላለፋል (ቁ. 1186)።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «የንግድ መደብር» ነው። ተማሪው ቃሉን ሲሰማ ቤት ይታየዋል። በሕጉ ግን መደብር ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ሀብት ነው፦ መልካም ዝናው፣ የንግድ ስሙ፣ ቤቱን ተከራይቶ የመሥራት መብቱ፣ ዕቃው። በኪራይ ቤት የሚሠራ ነጋዴ አንዲት ጡብ ሳይኖረው መደብሩን መሸጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ዋጋው ለሕንፃው ስንት፣ ለመደብሩ ስንት ተብሎ ካልተለየ የሕንፃው ሽያጭ በፎርም ጉድለት (ከላይ በተባለው ሥርዓት ባለመደረጉ) ሲፈርስ የቀረው ምን ያህል እንደሚያወጣ ማስረዳት ከባድ ነው።

በአነባበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የ1952ቱን የንግድ ሕግ ሙሉ በሙሉ አልሻረውም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጻሕፍቱን ነው የተካው። ቼክና መድን ዛሬም በአሮጌው ሕግ ስለሚዳኙ ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ይኑሩ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው (አዋጅ ቁጥር 3/1987)፤ ማስታወሻ ሲያዝ ቁልፍ ቃሉን በአማርኛ መጻፍ ይጠቅማል። ቀጥሎ በጭብጡ ላይ የሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ትርጉም (የበታች ፍርድ ቤቶች ሊከተሉት የሚገባ የሕግ ትርጓሜ) መኖሩን ማየት፣ የገጠር መሬት ከሆነም የክልሉን ዝክረ ሕግ (የክልሉ ሕጎች የሚታተሙበትን ጋዜጣ) መግለጥ ነው።

ለልምምድ የዘጌን ቡና ልጥቀስ። ቡናው ሳይለቀም የመሬቱ አካል ነው፤ ተለቅሞ እንዲወሰድ ውል ከተደረገበት ግን ገና ዛፉ ላይ እያለ እንደ ተንቀሳቃሽ ይቆጠራል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁ. 1133)። ገዢው ውል ፈርሞ ቡናው ሳይለቀም የሻጩ አበዳሪ ስለ ዕዳው ይዞታውን በፍርድ ቤት ቢያስይዝ ቡናው የማን ነው? ተማሪው ይህን በጽሑፍ መልሶ ለመምህሩ ያቅርበው።

አንድ የሕግ መምህር፣ ከባሕር ዳር